የእናቴ የጤና መድን ደብተር አዲስ አበባ ላይ ለምን አልሠራም? (የባለሙያ ምላሽ)

ጥያቄ፦ «እናቴ የምትኖረው ደቡብ ወሎ ውስጥ በሚገኝ አንድ የገጠር ወረዳ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት፤ መዋጮዋንም በየዓመቱ ሳታቋርጥ ትከፍላለች። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እያደገ መጥቶ መዋጥ ሲያስቸግራት ደብተሯን አስይዤ አዲስ አበባ አመጣኋት። የመንግሥት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ደብተሩን አገላብጦ ‹ይህ እዚህ አይሠራም› ብሎ መለሰን። ለአልትራሳውንድና ለደም ምርመራ ከኪሴ ከፈልኩ፤ አሁን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተብሏል። እኔ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ። መድኑ ለምን አልሠራም? የከፈልኩትን ማስመለስ እችላለሁ? ወይስ እዚሁ እኔ ጋር ላስመዝግባት?»

ምላሽ፦ በቅድሚያ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥና ምክንያቱን ከዚያ በኋላ አስረዳለሁ። እናትዎ ወደ ወረዳቸው ተመልሰው ከሚገለገሉበት ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዘው በደረጃው ወደ ደሴ ቢሄዱ፣ ቀዶ ሕክምናው በመድኑ ሊሸፈንላቸው ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የከፈሉት ገንዘብ ተመላሽ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። አባልነታቸውን አቋርጠው እዚህ ለማስመዝገብ መሞከር ግን አሁን ያላቸውንም ሊያሳጣቸው ስለሚችል አልመክርዎትም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ መልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ቢሄድም የአሠራሩ መሠረት ወረዳው ሆኖ ቆይቷል። መዋጮውን የሚሰበስበው፣ ደብተሩን የሚሰጠውና ከጤና ተቋማት ጋር ውል የሚፈራረመው የወረዳው መድን ነው፤ አባሉ በታከመ ጊዜም ሂሳቡን ለተቋሙ የሚከፍለው ይኸው መድን ነው። ስለዚህ በእናትዎ እጅ ያለው ደብተር «ይህች ሴት በመንግሥት ሆስፒታል ሁሉ በነጻ ትታከም» የሚል የይለፍ ወረቀት አይደለም። ትርጉሙ «ይህች ሴት የዚህ ወረዳ መድን አባል ናት፤ ከእኛ ጋር ውል የያዘ ተቋም በሥርዓቱ ተልካ ከመጣች ያክማት፤ ሂሳቡን እኛ እንከፍላለን» የሚል ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ፤ አንዱ ውል ነው፣ ሌላው ሪፈር ነው። እናትዎ አዲስ አበባ ሲደርሱ ሁለቱም አልነበሩም።

በቅስቀሳ ጊዜ መድኑን ከዕድር ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው፤ እኔም በየቀበሌው ስዞር ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ሰው ጤነኛ ሳለ አዋጥቶ በክፉ ቀን መረዳዳት የሚለውን ሐሳብ ለማስረዳት ይጠቅማል። ነገር ግን ምሳሌው ያሳሳታል ብዬ ማመን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ዕድር ሐዘኑ የትም ይድረስ የት ገንዘቡን ለቤተሰቡ በእጁ ይሰጣል። መድኑ ግን በመደበኛው አሠራር ለአባሉ በእጁ የሚሰጠው ገንዘብ የለም፤ የሚከፍለው ለተቋሙ ነው፣ ያውም አገልግሎቱ ከተሰጠ በኋላ፣ ሰነድ ተመርምሮ። «ከከፈልኩ የትም መታከም እችላለሁ» የሚለው እምነት በከፊል ከዚህ ምሳሌ የመጣ ይመስለኛል።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ለምን እንደመለሳችሁ ለመረዳት ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለውን ሥራ ማየት ይጠቅማል። ሆስፒታሉ የመድን አባል ሲያክም ለእያንዳንዱ ታካሚ የካርድ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒትና የአልጋ ወጪ መዝግቦ ይይዝና ለላከው መድን የክፍያ ጥያቄ ያቀርባል። የመድኑ ባለሙያዎችም ሰነዱን አንድ በአንድ ይመረምራሉ፦ ታካሚው አባል ነው ወይ፣ የዘንድሮውን መዋጮ ከፍሏል ወይ፣ ሪፈሩ አለ ወይ፣ የታዘዘው መድኃኒት ከሕመሙ ጋር ይሄዳል ወይ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሂሳቡ ውድቅ ይሆንና ኪሳራው በሆስፒታሉ ላይ ይወድቃል። ውል በሌለበት ደግሞ የክፍያ ጥያቄው የሚላክበት አድራሻ እንኳ የለም። ሠራተኛው «አይሠራም» ያለው በክፋት አይመስለኝም፤ ሆኖም ለምን እንደማይሠራና ምን ቢደረግ እንደሚሠራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ነበረበት። ይህ ማስረዳት መጉደሉ በእኔ አስተያየት የአሠራሩ ትልቁ ድክመት ነው፤ ደንቡን የሚያውቀው መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ሆኖ ሳለ ወረቀቱን ተሸክሞ የሚንከራተተው ሕመምተኛው ነውና።

የሪፈር ሰንሰለቱ የአገሪቱን የጤና ተቋማት አደረጃጀት ተከትሎ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አሉ፤ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የሚቋቋም ነው። ቀጥሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግለው ጠቅላላ ሆስፒታል ይመጣል። በላይኛው እርከን ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያገለግለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። የመድን አባል በሩን የሚያንኳኳው ከታች፣ ከጤና ጣቢያው ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን በር የሚከፍተው የታችኛው ተቋም የጻፈው ወረቀት ነው። በሙከራው ዘመን በነበረው ደንብ ይህን ሰንሰለት የዘለለ አባል የሕክምናውን ወጪ ግማሽ ራሱ ይከፍል ነበር። ይህም ውል ባለበት ተቋም ሲሆን ነው፤ ውል በሌለበት ግን ሙሉ ወጪው የራሱ ነው።

ደሴ ያለው ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለደቡብ ወሎ የዚህ ሰንሰለት ተፈጥሯዊ መድረሻ ነው። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና በቂ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ባለበት ሆስፒታል የሚሠራ የተለመደ ሕክምና ስለሆነ፣ ለዚህ ሲባል ብቻ አዲስ አበባ መድረስ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ደሴ የሚያክሟቸው ሐኪሞች ከአቅማችን በላይ ነው ካሉ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚልከውን ሪፈር የሚጽፉት እነርሱ ይሆናሉ። ያን ጊዜ የሚላኩበት ሆስፒታል ከወረዳቸው መድን ጋር፣ ወይም ዞኑ ወይም ክልሉ በወረዳው ስም በተፈራረመው ውል የታቀፈ መሆኑን ከመነሳታቸው በፊት የወረዳውን የጤና መድን ባለሙያ ይጠይቁ። ጥያቄው «አዲስ አበባ ይሠራል ወይ?» መሆን የለበትም፤ የሆስፒታሉን ስም ጠርተው «ከዚህ ሆስፒታል ጋር ውል አላችሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» የሚል መልስ አግኝተው የተጉላሉ ብዙዎችን አውቃለሁ።

በአንድ ሆስፒታል የመድን ዴስክ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትን አንድ ነገር ላንሳ። አንድ አዛውንት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በጋቢያቸው እጥፋት ውስጥ ይዘው ጎህ ሳይቀድ ከበር ደርሰው ነበር። ሪፈራቸውን ስቀበል የሐኪሙ ፊርማ አለ፣ ቀኑ አለ፣ የሕመሙ ዓይነት በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል፤ ማኅተሙ ግን የለም። የላካቸው ጤና ጣቢያ ዘንድ ደርሶ መመለስ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ይባስ ብሎ የአባታቸው ስም በደብተሩ ላይ «ይመር»፣ በሪፈሩ ላይ ደግሞ «ይማም» ይላል። ስልክ ደውለን፣ ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተነጋግረን፣ በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በሚመጣ መኪና ተልኮልን አዛውንቱ ታከሙ። ያ ግን የተገኘው በሰው ትብብር ነው፤ በደንቡ ቢሆን ኖሮ ይመለሱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ከጤና ጣቢያው ግቢ ሳይወጡ ወረቀቱን በብርሃን ዘርግተው እንዲያዩት ነው። ስም ከነአባትና ከነአያት እንደ ደብተሩ መጻፉን፣ የአባልነት ቁጥሩ መገልበጡን፣ የሚላኩበት ተቋም ስምና ክፍል መጠቀሱን፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን ይመልከቱ። ማንበብ ካልቻሉ ቁጭ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው ይዘው ይሂዱ።

ደብተሩንም በተመለከተ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር አለ። የገጠሩ አባልነት የቤተሰብ ስለሆነ ደብተሩም አብዛኛውን ጊዜ ለቤተሰቡ አንድ ነው፤ ፎቶውም የቤተሰቡ ነው። እናትዎ ይዘውት አዲስ አበባ በከረሙበት ጊዜ ቤት የቀረ ታናሽ ወንድም ወይም የልጅ ልጅ ቢታመም ጤና ጣቢያው ደብተሩን ማየት ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ረጅም ጉዞ ሲኖር የወረዳው መድን ጊዜያዊ ማስረጃ ይሰጥ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ቢያንስ የደብተሩን ፎቶ በስልክ ለቤተሰቡ መላክ ተገቢ ነው።

አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ እንዲሆን የተደረገበት ምክንያት አለው። የታመመ ብቻ ቢመዘገብና ጤነኛው ቢቀር፣ የተሰበሰበው መዋጮ ገና ክረምቱ ሳይወጣ ባለቀ ነበር። ስለዚህ አባወራ ወይም እማወራ ሲመዘገብ የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አብረው ይካተታሉ። 18 የሞላቸውና በቤቱ የሚኖሩ ሌሎች የቤተሰብ አባላት በተጨማሪ ክፍያ ይመዘገባሉ። ቤት ውስጥ ያለ ልጅ 18 ከሞላው በኋላ በአሮጌው ደብተር ሊታከም ሄዶ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። መዋጮው ከክልል ክልል፣ ከገጠር ከተማ ይለያያል፤ በየጊዜውም ይሻሻላል። ስለዚህ ጎረቤት ወረዳ የሚከፈለውን ሰምቶ ከመከራከር የራስን ወረዳ ተመን መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። እርስዎ ተቀጣሪ ደመወዝተኛ ስለሆኑ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለእርስዎ የተዘጋጀ አይደለም። ይህ መድን የታሰበው ለአርሶ አደሩ፣ ለአርብቶ አደሩና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ኅብረተሰብ ነው። ለመደበኛ ተቀጣሪዎች የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ተደንግጓል፤ መዋጮውም ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን አፈጻጸሙ ለበርካታ ዓመታት ሲራዘም ቆይቷል። መሥሪያ ቤትዎ ከግል ኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር የገባው የቡድን የሕክምና ውል ካለ የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቁ፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ውሎች የትዳር ጓደኛንና ልጆችን እንጂ ወላጅን እምብዛም አያካትቱም።

እናትዎን በአዲስ አበባ ነዋሪነት አስመዝግቦ የከተማውን መድን አባል ማድረግስ? በመርሕ ደረጃ ሰው በሚኖርበት ይመዘገባል፤ እናትዎ ኑሯቸውን ጠቅልለው ወደ እርስዎ ቢመጡና የነዋሪነት መታወቂያ ቢያወጡ መንገዱ አይዘጋም። ለአንድ ቀዶ ሕክምና ተብሎ ግን ይህን ማድረግ ጥበብ አይደለም። ከወረዳቸው መሸኛ ማውጣት፣ መታወቂያ መጠበቅ፣ ከዚያም የምዝገባ ወቅቱን መጠበቅ ይኖራል። ምዝገባና እድሳት ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም፤ በገጠር አብዛኛውን ጊዜ ምርት ተሰብስቦ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ በሚገባበት ወቅት ይካሄዳል። በዚህ ሁሉ መካከል የወረዳው አባልነት ቢቋረጥ እናትዎ የትም ያልተመዘገቡ ሰው ይሆናሉ፤ እንቅርቱ ደግሞ የምዝገባ ወቅት አይጠብቅም።

ስለ ተመላሽ ገንዘብ እውነቱን ልንገርዎ። ከሰንሰለቱ ውጭ፣ ውል በሌለው ተቋም፣ በራስ ፈቃድ የተደረገ ሕክምና በመድኑ አይተካም። ደረሰኞቹን ግን አይጣሉ። ተመላሽ ሊጠየቅበት የሚችል አንድ ሁኔታ አለ፦ አባሉ ውል ባለው ተቋም በሥርዓቱ ታክሞ የታዘዘለት መድኃኒት በተቋሙ ባይገኝ። በአንዳንድ ወረዳዎች መድኑ ከከነማ ፋርማሲ ወይም ከሌላ የመድኃኒት ቤት ጋር ውል ይይዛል፤ በሌሎች ደግሞ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ተጽፎና ማኅተም አርፎበት ከውጭ የተገዛበት ደረሰኝ ይቀርባል። ደሴ ላይ ይህ ቢያጋጥም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሆስፒታሉን የመድን ዴስክ «ይህን ከውጭ ብገዛ ወረዳዬ ይተካልኛል ወይ? በምን ሰነድ?» ብለው ይጠይቁ። ለከንቱ የሚቀር ደረሰኝ አብዛኛው መጠየቅ ከሚገባው ጊዜ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠየቀበት ነው።

ሽፋኑ ሰፊ ነው፤ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምናን፣ ምርመራን፣ ቀዶ ሕክምናንና መድኃኒትን ይይዛል። ለመዋቢያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና ግን አይካተቱም። የእናትዎ እንቅርት መዋጥ የሚከለክል ሕመም በመሆኑ ከመዋቢያ ጋር የሚገናኝ ነገር የለውም። አንዳንድ ሰው «የአንገት እብጠት ለመልክ ነው ይሉናል» ብሎ ሲሰጋ ስለሰማሁ ነው ይህን ማንሳቴ፤ ሪፈሩ ላይ መዋጥ እንደሚያስቸግራቸው በግልጽ ይጻፍ።

ሁለት ነገሮች ከሰንሰለቱ ውጭ ናቸው። አንደኛው ድንገተኛ ሕክምና ነው። እናትዎ መተንፈስ ቢቸግራቸው ወይም ሲተነፍሱ ከጉሮሯቸው የሚያፏጭ ድምፅ ቢሰማ፣ ሪፈርም ጤና ጣቢያም ሳይሉ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው፤ ስለ ወረቀቱ በኋላ፣ ግን ሳይዘገዩ ለወረዳው መድን ያሳውቁ። ሁለተኛው በመንግሥት ተቋማት መድን ላለውም ለሌለውም በነጻ የሚሰጡት አገልግሎቶች ናቸው፦ ክትባት፣ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በጤና ጣቢያ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት፣ የፊስቱላ ሕክምና። «መድኔ አልታደሰም» ብላ ከእርግዝና ክትትል የቀረች ሴት አጋጥማኛለች። ለዚህ አገልግሎት ደብተር ማንም ሊጠይቃት አይገባም ነበር።

የመኪና አደጋም የራሱ መንገድ አለው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ባለ ተሽከርካሪዎች ለሦስተኛ ወገን የመድን ሽፋን እንዲገቡ ያስገድዳል፤ ሲወጣም ተጎጂው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ሕክምና ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአሠሪው ኃላፊነት ነው። ከእናትዎ ጉዳይ ጋር ባይገናኙም እርስዎ ራስዎ ተቀጣሪ ስለሆኑ ቢያውቋቸው አይከፋም።

መዋጮውን ማን እንደሚከፍልም ልጠይቅዎ። እርስዎ በየዓመቱ የሚልኩላቸው ከሆነ መልካም። ነገር ግን እናትዎ ብቻቸውን የሚኖሩና ገቢ የሌላቸው ከሆኑ፣ መክፈል ለማይችሉ ወገኖች መዋጮው ከወረዳውና ከክልሉ በጀት የሚሸፈንበት አሠራር አለ። ምርጫው በቀበሌ ደረጃ፣ ኅብረተሰቡ በተገኘበት ይካሄዳል። ልጅ ከተማ ተቀጥሮ ስለሚሠራ ቅድሚያው ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ በቀበሌያቸው ከእርሳቸው የባሰ የተቸገረ ሰው ካለም ይህ አግባብ ይመስለኛል።

እንግዲህ የሚቀጥለው ሥራ ይህ ነው። የአልትራሳውንዱን ውጤት፣ የደም ምርመራውን፣ በመርፌ የተወሰደ ናሙና ካለም የእርሱን ውጤት ከነዋናው ይውሰዱ፤ የከፈሉበት ምርመራ በሪፖርቱ መልክ ሊጠቅምዎ ይችላልና። የደሴው ሐኪም ቀኑ ቅርብ ከሆነና በቂ ሆኖ ካገኘው እንደገና ላያዝ ይችላል። ጤና ጣቢያው ሪፈሩን ሲጽፍ ይህ ውጤት አብሮ ይያያዝ። ወረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ካለው በዚያ በኩል እንዲያልፉ ይጠየቁ ይሆናል፤ አይከራከሩ፣ ከደብዳቤ ልውውጥ አንድ ቀን መጓዝ ይፈጥናል። ደሴ ሲደርሱ ከካርድ ክፍሉ በፊት የመድን ዴስኩ ዘንድ ይቅረቡ፤ ደብተሩና ሪፈሩ እዚያ ይመዘገባሉ። ሪፈሩን ለሆስፒታሉ ከማስረከብዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ተሰጥቷቸው ለወራት የሚቆዩ ከሆነ የቀጠሮው ቀን የአባልነት ዘመኑ ከሚያልቅበት ቀን በኋላ እንዳይውል ያረጋግጡ፤ የሚውል ከሆነ እድሳቱን አስቀድመው ይክፈሉና አዲሱ የእድሳት ማኅተም በደብተሩ ላይ ማረፉን ሳያዩ እናትዎን ወደ መኪና አያስገቡ።